ከጎብዬ ውሻ ታቅፎ የመጣው

ሰውዬው ከባጃጁ ዘሎ ውሻውን እንደታቀፈ ቆቦ እንስሳት ክሊኒክ ሮጦ ገባ። በባጃጁ አብራው የተሳፈረችው ሀናን አስፋልቱ ዳር ቀረች።

ከጎብዬ ጀምሮ፣ የማሽላው ማሳ በሙቀቱ እንደ ውሃ ሲርገበገብ፣ እሱ በተተኮሰ ኮቱ ላይ አስተኝቶት፣ ሕፃን እንደሚያስገሳ ሰው የተነፋ ሆዱን ቀስ እያለ ሲያሸው ነበር።

«ጥሬ ሥጋ ሲያይ ይስገበገባል፤ አየሩንም አብሮ ይውጠዋል። ሁሌ ከትፌ በእጄ ነው የማጎርሰው። ዛሬ መሄጃ ነበረኝ፣ ሳልከትፍ ጣልኩለት» አለ።

ውሻው ፈሳ።

«ኧረ ጋሸ፣ ፈጀን!» አለ ሾፌሩ።

«ተመስገን! ይጨምር!» ብሎ ሰውዬው ሳቀ።

ሀናን ቀሚሷን ሰብስባ፣ «የት ሊሄዱ ነበር ጋሸ?» አለችው።

ዓይኑን ሳያነሳ የውሻውን ሆድ ማሸቱን ቀጠለ። ውሻው ግን ከዚያ ወዲህ አልፈሳም፤ ሆዱ እንደተወጠረ ነው የገባው።

ይትረፍ አይትረፍ ሀናን አታውቅም።