«ኔትወርክ ዘርግታለች»

በሶዶ ከተማ ከነበሩት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ በታይፒስትነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ የሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አትንኪ» የሚል ነበር። ከታይፕራይተሬ ጎን ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚከፍተው እንግዳ ሲመጣ ነበር።

የኃላፊዬን ስም አልጽፍም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። የሠራውን ግን እጽፋለሁ። ስለ ትዳሬና ስለ ቤቴ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ እዚህ አያገኝም።

ጊዜው አለፈና ታይፕራይተሩ ወደ ንብረት ክፍል ተመለሰ፤ ሁላችንም ኮምፒውተር ደረሰን። ፕሪንተር ግን አንድ ብቻ መጣ። ኃላፊዬ የራሱ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው። ደብዳቤ ማተም የፈለገ ሁሉ ፍላሽ ይዞ በሩ ላይ ይሰለፋል። እሱ ፋይሉን ከፍቶ ያነባል፣ ካሰኘው ያትማል፣ ካላሰኘው «ነገ ና» ይላል። ጽሕፈት ቤቱን ያስተዳድር የነበረው በፕሪንተሩ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በከተማችን የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ቅዳሜና እሁድ መሰጠት ሲጀምር ለመማር ማሰቤን ነገርኩት። ፈቃድ መጠየቄ አልነበረም፤ ትምህርቱ በዕረፍት ቀኔ ነው። እሱ ግን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«የተቀጠረው ጣትሽ ነው፤ ጭንቅላትሽ አይደለም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመዘገብኩ።

የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ። የልጅ እናት የሆንኩ ሴት ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር በካልሲ ተቀመጥኩ። «አዬ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። በወላይትኛ እናት ማለት ነው። በአማርኛ ግን አዬ የሐዘን ቃል ነው፤ የቡድን ሥራ ሲከፋፈል ፊታቸው ላይ የማየው ሁለተኛውን ነበር። ማንም ከእኔ ጋር መመደብ አይፈልግም። መምህሩም ቢሆን የኮምፒውተር ገመዶችን የምታገናኘውን ሳጥን «ስዊቿ» ባልኩ ቁጥር «ስዊቹ» እያለ ያርመኝና ክፍሉን ያስቅ ነበር።

ፕሮግራሚንግ ከበደኝ፤ አልደብቅም። ኔትወርኪንግ ላይ ግን እጄ ቀደመኝ። በገመዱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው መደርደር፣ እኩል መቁረጥ፣ ኮኔክተሩ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ በክሪምፐር መጭመቅ ነው። ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እያልኩ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር እደግመው ነበር። አንዷ ሽቦ ቦታ ከሳተች የመፈተሻው መብራት አይበራም። ስትተይብ የኖረች ሴት ለፊደል ቅደም ተከተል የሰጠችውን ጥንቃቄ ለሽቦ ሰጠችው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። በሁለተኛው ወር ልጆቹ ገመዳቸውን ይዘው «አዬ፣ እስቲ ይቺን እይልን» ማለት ጀመሩ። ማየቱን አየሁላቸው። የሣቁትንም አልረሳሁም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ መምህሩ በወረቀት ብቻ የተሠራ አልቀበልም አለ። የሚሠራ ኔትወርክ ዘርግቶ ያላሳየ አይመረቅም። እኔ የማውቀው አንድ ግቢ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴን።

ንብረት ክፍል ውስጥ ማን እንደላከው የማይታወቅ ስዊችና አንድ ካርቶን ገመድ እንደታሸገ ተቀምጦ ነበር። ኃላፊዬን ጠየቅኩት፤ «እናየዋለን» አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ደጋግሞ ሊያየው ነው። በመጨረሻ ለረጅም ስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሄደና ምክትሉ ተተካ። ምክትሉ ማመልከቻዬን አነበበ፣ ዕቃው እንዲወጣልኝ ፈረመ። የንብረት ክፍሉ አቶ ሎሃ መሰላል ያዘልኝ። አቶ ሎሃ እንደ እኔ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሰው ነው፤ እኔ ሃላሌ ነው የተወለድኩት፣ እሱ ከሃላሌ ወጣ ብሎ። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ገመዱ ትንሽ ስለነበር የሚጎራበቱትን ክፍሎች መረጥኩ፤ መዝገብ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል፣ ንብረት ክፍል። ምክትሉ የኃላፊውን ቢሮ ከፍቶልኝ የመጨረሻውን ገመድ ፕሪንተሩ ጀርባ ላይ ሰካሁት። ፕሪንተሩ ከመጣ ጀምሮ የኔትወርክ ቀዳዳ ነበረው። ያየው ሰው አልነበረም።

ኃላፊዬ ከሐዋሳ ሲመለስ ሰዎች በሩ ላይ አልተሰለፉም፤ ከየክፍላቸው ልከው የታተመውን ለመውሰድ ብቻ ይገባሉ። ቀና ብሎ ኮርኒሱ ሥር የሄደውን ገመድ አየ። በዚያው ሳምንት ግምገማ ተጠራ።

ለወጣት አንባቢዎች አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ግምገማ ላይ «ኔትወርክ» ሲባል ገመድ ማለት አልነበረም። በዘመድና በአካባቢ ልጅነት ተሳስቦ የሚጠቃቀም ቡድን ማለት ነበር። በዚህ አንድ ቃል ከቦታቸው የተነሡ ሰዎች አውቃለሁ።

ሰብሳቢው ከዞን የመጡ ሰው ናቸው፤ አያውቁኝም። ኃላፊዬ ተነሣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ በመሥሪያ ቤታችን የጥቅም ትስስር ተፈጥሯል። እኔ ባልነበርኩበት ወይዘሮ አስቴር የአገሯን ልጆች ይዛ ኔትወርክ ዘርግታለች። እንዲፈርስ እጠይቃለሁ።»

ገመድ እንደሆነ ያውቃል። ሰብሳቢው እንደማያውቁም ያውቃል። ከፈረሰ ደግሞ ለመምህሩ የማሳየው የለኝም፤ ያን ሁሉ ቅዳሜና እሁድ በከንቱ ለፋሁ ማለት ነው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው? ኔትወርክ ዘርግተዋል?»

«አዎ፣ ዘርግቻለሁ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ጌታ ሆይ» ስትል ሰማሁ።

«እነማን አሉበት?»

«መዝገብ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል፣ ንብረት ክፍል። የኃላፊያችንም ቢሮ አለበት።»

ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞሩ። «አንተም አለህበት እንዴ?»

«እኔ የለሁበትም።»

«ፕሪንተሩ በእሱ በኩል ነው» አልኩ።

«መሪው ማነው?»

«ስዊች ይባላል። ንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው።»

መጀመሪያ የሣቀው አቶ ሎሃ ነው፤ ከዚያ ሒሳብ ክፍሎች፣ ከዚያ ሁሉም። ሰብሳቢው ብቻ አልሣቁም። ኃላፊዬ ገመዱ ሽፋን ነው አለ፤ ከሌላው ሁሉ ክፍል የኪንዶ ሰው ያለበትን ለምን አስቀደመች አለ። ክፍሎቹን ተርታ የሠራቸው ግንበኛው እንጂ እኔ አይደለሁም አልኩ።

«ይሠራል?» አሉ ሰብሳቢው።

የኃላፊው ቢሮ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ፕሪንተሩን ደግሞ ማጥፋት ያበላሸዋል ብሎ ስለሚያምን አጥፍቶት አያውቅም። አስፈቅጄ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩና የሙከራ ገጽ ላክሁ። ስመለስ ሁሉም ወደ ግድግዳው አዘንብለው ነበር። ፕሪንተሩ ከተቆለፈው በር ጀርባ አጓራ፣ ወረቀት ሳበ፣ ዝም አለ።

«ክፈትና አምጣው» አሉት ሰብሳቢው።

ወረቀቱን በእጁ ይዞ የወጣው እሱ ራሱ ነው። ሰብሳቢው ተቀብለው አገላበጡት፤ ያኔ እሳቸውም ሣቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የተዘረጋው ኔትወርክ ተጠናክሮ ይቀጥል» ተብሎ ተወሰነ። የተየብኩት እኔ ነኝ። ኃላፊዬ የፈረመበትን ገጽ ማኅደር ክፍል ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ፕሮጀክቴን አቀረብኩ። መምህሩ ግቢው ድረስ መጥቶ ከክፍል ክፍል እየዞረ ሞከረው፤ ያን ዕለት «ስዊቿ» ስል አላረመኝም። ጥሩ ውጤት ሰጠኝ። ጥቁር ጋወን ለብሼ ተመረቅኩ። ቡድናቸው ውስጥ ሊያስገቡኝ ያልፈለጉት ልጆች ፎቶ እንነሣ ብለው መጡ። ተነሣሁ፤ መሐል ቆሜ።

ከዚያ በኋላ በውድድር የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ፣ በአጭሩ የኢኮቴ ባለሙያ፣ ቆይቶም የክፍሉ አስተባባሪ ሆንኩ። ክሪምፐሬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ በሚኒባስ በዴሳ ከተማ ሄጃለሁ፣ ተበላ ከተማ ሄጃለሁ፤ ገመድ ያልዘረጋሁበት ጽሕፈት ቤት አለ ሲሉኝ ይገርመኛል። ኃላፊዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የሚደውለው ለእኔ ነበር። እሄድለትና አስተካክልለታለሁ። እንዴት እንደተስተካከለ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

በመሥሪያ ቤት የሚከሷችሁ በቃል ነው። ቃልን በቃል ለመመለስ አትድከሙ። ግምገማ ስትገቡ የሚሠራ ነገር ይዛችሁ ግቡ።