ዳገቱ ያቃታት ፒክአፕ

ነቀምቴ ስመደብ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የሞተር መጽሐፍ ይበዛ ነበር። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ስለ መኪና ሞተር ነው። ጎጃም ያሉት ዘመዶቼ ዛሬም እውነት አይመስላቸውም፤ ሴት ልጅ ከኮፈን ስር ምን ትሠራለች ይላሉ። በዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለ ሞተር ስጠየቅ አላውቅም ከምል ምላሴ ቢቆረጥ እመርጣለሁ። ይህ ጠባዬ አንድ ጊዜ ሰው ሊያፈናቅል ነበር።

ቡርቃ ጃቶ በሚባል የነቀምቴ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤቶች ስልሳዎቹን ያጋመሱ ባልና ሚስት ናቸው። አባባ የምላቸው አከራዬ በአሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ከነቀምቴ አንገር ጉቲን ይመላለሳሉ፤ ሲወርዱ ሳሙናና ዘይት፣ ሲመለሱ በቆሎና ሰሊጥ ይጭናሉ። ሚስታቸውን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እናቴ ለማለት አዮ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አዮ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀዳዳ ካዩ ሳይደፍኑ አያድሩም።

የአንገር መንገድ በበጋ አቧራው ዱቄት ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሠሩ ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው፤ የሞተሩን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮ ስስ ጨርቅ ያለብሱታል፣ በደረሱበትም አውልቀው ያራግፉታል። የአባባን ጨርቅ ሁልጊዜ የሚሰፉት አዮ ነበሩ።

የዚያን በጋ መኪናዋ ዳገት እንቢ አለች። ቁልቁለቱን ደህና ትወርዳለች፤ ወደ ነቀምቴ ሽቅብ ስትመለስ ግን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ጥቁር ጭስ ትተፋለች። አባባ ሁለት ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ጭነታቸውን አራግፈው ሌላ መኪና ለምነዋል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ "ባርሲፍቱ፣ እስቲ ይችን ስሚልኝ" አሉኝ። ባርሲፍቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው፤ በዚያ ግቢ ሌላ ስም የለኝም።

ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ተንቦለቦለ። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩ።

"አባባ፣ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አንቺ ሳትወለጂ ነው የገዛኋት።"

"እንግዲያው እርጅና ነው። የፒስተኑ ቀለበት ተበልቷል። ሞተሩ ይውረድ ቢባልም ዕቃው አይገኝላትም።"

"ቶሌ" አሉ፣ እሺ እንደማለት። ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ አዮ ወሬውን ነገሩኝ። መኪናዋ ለብረቷ ልትሸጥ ነው፤ ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። ከዚያ ልጃቸው ሁለቱንም አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ይወስዳቸዋል።

"አራተኛ ፎቅ አለሽ" አሉ አዮ። "እኔስ መርፌዬን ይዤ እሄዳለሁ። እሱ ግን እዚያ ላይ ምን ይነዳል?" እየሳቁ ነበር የጀመሩት፤ ሳይጨርሱት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሐሙስ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ቤንዚኑ የሚነድበትን ሲሊንደር መሙላት ከሚችለው አየርና ቤንዚን ውስጥ በርግጥ የሚደርሰው ስንቱ ነው የሚል ነበር። አየሩን የሚያስገባው ቫልቭ የሚከፈተው ለቅጽበት ነው። "ቦኖ ሄዳችሁ ቧንቧው ለአንድ አፍታ ብቻ ቢከፈትላችሁ ጀሪካናችሁ ይሞላል?" አልኳቸው። አይሞላም። እንደ ነቀምቴ ከፍ ባለ አገር አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ የሚገባው ይቀንሳል፤ መግቢያው ላይ የሚጋርደው ነገር ካለ ደግሞ ይብሳል።

"አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበትና በደንብ ሳይነድ ይወጣል። ጭሱ ምን ይመስላል?"

"ጥቁር!" አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

"ቀለበት ተበልቶ ዘይት ሲቃጠልስ?"

"ሰማያዊ!"

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። እሑድ ያየሁት ጭስ ጥቁር ነበር። አሮጌ ሰውና አሮጌ መኪና አብረው ስላየሁ ብቻ እርጅና ብዬ ፈረድኩ። በተማሪዎቼ ፊት በራሴ አፈርኩ።

ቤት ስደርስ አባባ መኪናዋን ለገዢው እያጠቡ ነበር። አዮ ገበያ ወጥተዋል። ፊልትሮውን ልክፈተው ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አዙረው ጎማውን ማጠብ ቀጠሉ፤ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ክዳኑን አነሳሁ። ፊልትሮው ላይ የነበረው ስስ ጨርቅ አይደለም። በሁለት የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው፤ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል፣ አቧራው ላዩ ላይ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ስፌቱን አወቅሁት፤ የእኔንም ጋዋን የጠቀሙት እነዚያው እጆች ናቸው።

"በጋው ሲገባ ሰፋችልኝ" አሉ አባባ። "አቧራው እንዴት እንደሚያስለኝ አይታ፣ ሞተሩም እንዳይታመም ብላ።"

"ዳገቱስ እንቢ ያላት መቼ ነው?"

"ያኔ ነው።"

"ጠርጥረው ነበር?"

"ላወልቀው ብዬ ነበር። ምን ልላት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንቺ እርጅና ነው አልሽ። ደስ አለኝ፣ ኢንተላ ኮ። እርጅና ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለማ።"

ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የባሰ አፈርኩ። "ሳልከፍት ነው የፈረድኩት፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ብርድ ልብሱን አውልቄ ባልዲው አጠገብ ጣልኩት፤ ፊልትሮውን አራግፈን መለስንና በዲጋ መንገድ ቁልቁል ወረድን። ስንመለስ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ያለ ጭስ ወጣችው። አባባ መሪውን ይዘው እንደ ልጅ ሳቁ። ከተማ ሳንገባ ጥግ ይዘው ቆሙና ለገዢው ደውለው እንዳይመጣ ነገሩት። "ለአዮ ካንዴላ ነው እንላታለን" አሉኝ። ጥፋቱን ቤንዚኑን በምታቀጣጥለው ዕቃ ላይ ለማላከክ መሆኑ ነው፤ እሺ አልኩ።

ግቢው በር ላይ አዮ ቆመዋል። ብርድ ልብሱ እጃቸው ላይ ነው። ጥዬው መሄዴ ያኔ ትዝ አለኝ።

"ካንዴላዋ ተበላሽታ..." ብለው ጀመሩ አባባ።

"ተው!" አሉና አዮ ወደ እኔ ዞሩ። "ባርሲፍቱ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ወጡ ጨው በዛበት ብሎኝ አያውቅም። ሳይጨርስ ሲነሳ በግምት ነው የማውቀው።" ከዚያ ወደ እሳቸው። "ይሄን ከምትነግረኝ አራተኛ ፎቅ ልትወጣ ነበር?"

አባባ ብርድ ልብሱን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት።

"ጨርቁ ወፍራም ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ወጡስ?"

"ጨው ይበዛዋል።"