ከየካ ሚካኤል በላይ የነበረው ሰፈር

ከአገር የወጣሁ ዕለት እናቴ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ መርቃኝ፣ ታክሲው ሲንቀሳቀስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን አላለቀስኩም። ሲግናል ሰፈር ከተከራየናት አንዲት ክፍል እስከ ኤርፖርት ድረስ የማስበው አቶ ግርማን ነበር። ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይዤ የወጣሁት ትልቁ ዕቃ ቂም ነው።

ሰፈራችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነበር። መጀመሪያ ገብስ የሚያርሱት የአያቴ ቤተሰቦች ብቻ ነበሩበት። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጎጆ ቀለሱ፤ ከዚያ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ሸማኔዎች፣ በመጨረሻም ደሞዝተኞች መጡ። አባቴ ለስንቱ መሬት ቆርሶ እንደሰጠ! ከተቀበሉት አንዱ አቶ ግርማ ነው። አጥራችን አንድ ነበር።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ግርማ ነዋሪ የሚመዘግበው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ። የእኛን ቤት "ባዶ ቦታ" ብሎ ጻፈና ምትክ ቦታውን በወንድሙ ስም አዞረው። አባቴ ከዘራውን ይዞ ኮሚቴው ቢሮ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ።

"ግርማ፣ እኔን አታውቀኝም?"

"አባባ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ። መዝገቡ ነው የማያውቅዎት።"

አባቴ ያንን ክረምት አልዘለቀም።

አሁን የምኖርባት የጣሊያኗ ቶሪኖም ተራራ ሥር ናት፤ ብርዱ ግን የባሕር ዛፍ ሽታ የለውም፤ ጎረቤትም ሊፍት ውስጥ "ቡዎንጆርኖ" ብሎ ሰላም ይልና ጫማውን ያያል። ቤት ልከራይ አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄድኩ።

"ሬሲዴንሳ አለሽ?" አሉኝ፤ የነዋሪነት ምዝገባ ማለታቸው ነው።

"ቤቱን ካከራዩኝ እመዘገባለሁ።"

"ካልተመዘገብሽ አላከራይሽም።"

"ታዲያ የት ልኑር?"

"እሱን ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ።"

ሳቄ መጣ። እዚህም ግርማ አለ!

በኋላ ክፍል አገኘሁ፤ የሆቴል አንሶላ መተኮስም ሥራዬ ሆነ። በዕረፍቴ ቀን ለተበተኑት ጎረቤቶቻችን እየደወልኩ የሰፈሩን ታሪክ ቤት በቤት ጻፍኩ፤ ማን ከየት መጣ፣ እነማንን ወለደ፣ ሲፈርስበት ወዴት ሄደ። ግርማ ቤት ስደርስ ያደረገውን አንድም ሳላስቀር አሰፈርኩ። ከዚያ በሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅኩት።

በሳምንቱ ግርማ ደወለ።

"ጫልቱ፣ ልጄን ለጋብቻ የጠየቁት ሰዎች አነበቡት፤ ሽማግሌዎቻቸውም ቀሩ። ስለ እሷ ብለሽ ስሜን አውጪልኝ።"

"እኔም የሰው ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ አጠገብ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። መጀመሪያ አንተ ውሸቴን ነበር ብለህ እዚያው ግሩፕ ላይ ተናገር።"

አንተ ስለው በሕይወቴ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዘጋብኝ። ያን ቀን አንሶላውን እየዘፈንኩ ተኮስኩ፤ አልዋሻችሁም። ስሙም እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"ግርማ ታሟል፤ ልጠይቀው መጥቼ ነው" አለችኝ።

"እማዬ! አባዬን በብስጭት የገደለው ሰው ቤት?"

"አውቃለሁ። ግን ከድሮው ሰፈር እዚህ አካባቢ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱም ከሞተ ስለዚያ ቤት ከማን ጋር አወራለሁ? እስቲ አናግሪው።"

መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ሰጠችው። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ከወዲያ ደግሞ እናቴ ውሃ ስትቀዳለት። እኔ ግን አልዘጋሁበትም።