የተንሳፈፈው ቤተ ክርስቲያን

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም ነበር። ያኔ ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና ሰፈር በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ተረት የሚነገረው አመሻሽ ላይ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ ለማታ ፈረቃ ሲዘጋጅ ነው። ጫማውን ቀለም እየቀባ ይጀምራል፤ የጥበቃዎቹ አውቶቡስ ከታች ክላክሱን ሲያጮኽ የደረሰበት ላይ ቆርጦ ይወጣል። እኔ የጫማ ቀለም እየሸተተኝ፣ ከታች ካለው ሞባይል ሱቅ የሚገባው ቀይና አረንጓዴ መብራት ግድግዳው ላይ ሲቅበዘበዝ እያየሁ፣ እንቅልፍ አጥቼ እቀራለሁ።

አጎቴ ወሎ ሳለ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ዶሃ መጥቶ ዌስት ቤይ በሚገኝ አንድ ፎቅ ጥበቃ ሆነ። ተረቶቹንም ያገኘው እዚያ ነው፤ አንድ እንግዳ ረስቶት ከሄደ የዌልስ አጫጭር ልብ ወለዶች መጽሐፍ። የተረሳ ዕቃ ባለቤቱ እስኪመጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ከሕንፃው አይወጣም። ስለዚህ በፈረቃው ያነበበውን በማግስቱ በቃሉ ይነግረኛል። ዌልስ የት ነው ብዬ ስጠይቀው «እንደ ወሎ ተራራ ነው፤ ዝናቡ ግን ኸላስ፣ በቃኝ ማለት አያውቅም» አለኝ።

አቤት የዚያ አገር ሰው! አንዷ ባልቴት ለቀብሯ የቀረበው ኬክ አነሰ ብላ ከሬሳ ሳጥኗ ተነስታ ለቀስተኛውን ትወርፋለች። አንዱ ደግሞ ሚስቱን በሁለት በግ ይለውጥና ሲጸጽተው በጎቹን እየነዳ ይሄዳል፤ እሷ ግን «እዚህ ተመችቶኛል፣ በጎችህን ይዘህ ግባ» ትለዋለች። እናቴ ልብስ እየተኮሰች «ኧረ ልጅቷን አታስፈራራት» ትልና ቀድማ የምትስቀው እሷው ናት።

እኔን ያሳበደኝ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዝናቡ ከነሰባኪው፣ ከነምእመኑ ከመሬት ነቅሎ ባሕር ላይ ያንሳፍፈዋል። ሰው ሁሉ ስብከቱ አስተኝቶት አንድም ያወቀ የለም። አንዲት ልጅ ብቻ ትነቃና በሩን ገርበብ ስታደርግ... አውቶቡሱ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ሥራ በዛበትና ገጽ መግለጥ አልቻለም። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። «መጽሐፉን አምጣውና ጨርስልኝ» ብዬ ነዘነዝኩት።

«አማና ነው፣ የኔ እናት። የሰው አደራ ነው» አለኝ።

እራቴን አልበላም አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከፈረቃ ሲመለስ መጽሐፉን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ አሳየኝ። «ዛሬ ማታ እስከ መጨረሻው። ከዚያ መልሼ አስቀምጠዋለሁ» አለ። ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነበር።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ሽርጡን እንዳገለደመ ነው፤ ጫማውን አልነካም። እኔ ግን ተረቱን እንጂ እግሩን አላየሁም። ልጅቷ በበሩ ስንጥቅ ዓሣ አየች አለኝ። ሰባኪውም አየ። ስብከቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ እንደሚወጣ ገባው። ስለዚህ አልጨረሰም። ጥቅስ ጨመረ፣ የሰፈሩን በግ በስም በስሙ መረቀ፣ የሞተችዋን ባልቴት ሳይቀር ወቀሰ። አጎቴም የበጎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። ሳቄ አላቆም አለኝ።

ውጭው መጨለሙን ያየሁት ኋላ ነው።

«አጎቴ፣ አውቶቡሱስ?»

«ያላ፣ ተኚ» አለኝ። እናቴ ካውያዋን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅስ ነበር።

ለካ የመጽሐፉ ባለቤት በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሲመጣ መሳቢያው ባዶ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። አጎቴ ስልክ ተደውሎለት መጽሐፉን ሊመልስ ሲሄድ የተረቱን መጨረሻ ለእኔ ሊነግረኝ ብሎ ታክሲ ውስጥ አነበበው። ሌባ ብለው አባረሩት፤ በወሩ ወሎ ገባ።

እኔ አሁንም ዶሃ ነኝ። አመሻሽ ላይ የጥበቃዎች አውቶቡስ ሲጮኽ እግሬ መሬት አይረጋልኝም፤ ሮጬ ልያዘው የምል ይመስለኛል። አጎቴ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ልለው እደውልለትና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኢቃማ መኖሪያ ፈቃዴ፣ ስለ ልጆቼ እለፈልፋለሁ፤ ካርዱ እስኪያልቅ እለፈልፋለሁ። እሱም አያቋርጠኝም።