አባባን በሕልም ለማግኘት

ሕልም ውስጥ ሆኖ «ይኸ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ እንደሚቻል የነገረችኝ መሥሪያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ከዩቲዩብ ነው ያገኘችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሥራ ፈት!» ብዬ እስቅባት ነበር። ያን ሰሞን ግን አባባ ካረፉ አራት ወራቸው ነበርና ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋት።

አባባ ሐይቅ ዳር ባለችው በደልጊ ከተማ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። አንድ ቀን ደውለው «ልጄ፣ ደከም ብሎኛል፤ ብቅ ብትዪ» ሲሉኝ፣ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኋቸው። ሐሙስ አረፉ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጉልበታቸውን ስሜ «ይቅር ይበሉኝ» ማለት።

«ቀን ቀን ጣትሽን ቁጠሪ» አለችኝ ልጅቱ። «ልማድ ሲሆንብሽ በሕልምሽም ትቆጥሪያለሽ፤ እዚያ ግን ቁጥሩ አይገጥምም።» ባጃጅ ውስጥ ቆጠርሁ፣ ስብሰባ ላይ ቆጠርሁ። ሹም አቦ ሰፈር አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ስቆጥር ባለሱቁ «እኅቴ፣ የጎደለ አለ እንዴ?» አለኝ።

ከወር በኋላ ተሳካ። ደልጊ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ጣቴን ብቆጥር ሰባት። «ሕልም ነው!» ስል አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ብቅ አሉ። ይኼኔ እጄ ሳላዝዘው ተነሥቶ አማተበ። «በስመ አብ!» ብዬ ነቃሁ። እኛ ቤት የሞተ ሰው በሕልም ከመጣ ይማተባል፣ ቢጠራም አይከተሉትም፤ ይኸን ያስተማሩኝም ራሳቸው አባባ ናቸው። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቴም አማትቤ አባረርኋቸው። ወይ ንዴቴ! የገዛ አባቴን እንደ ሰይጣን!

በአራተኛው ቀኝ እጄን በግራዬ ጭምድድ አድርጌ ያዝሁት። አባባ አልጠፉም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «ይቅር ይበሉኝ» ልል ስል ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሕልም መሆኑን አውቃለሁ እኮ። «ይቅር ብዬሻለሁ» ቢሉኝም ቃሉን የማቀብላቸው እኔው ነኝ። የእሳቸውን ይቅርታ ለራሴ ልሰጥ ነው? አፈርሁ። ሳልናገር ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረግሁ ነጋ።

መቁጠሩን ተውሁት። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ሲመጡ ሕልም መሆኑን አላውቅም፤ ስለዚህ እዚያ አልሞቱም። ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ዝናቡ እናወጋለን፣ ይቆጡኛል፣ እስቃለሁ። ስነቃ አለቅሳለሁ። ይሁን፣ ላልቅስ።