በለቅሶ ቤት የከለከልኩት ጥያቄ

ለቅሶ ልትደርሱ ሄዳችሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ ምን እንደምትሉ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እኔ ብዙ ጊዜ ጠፍቶብኛል። «እግዜር ያጽናችሁ» እልና ዓይኔን ጫማዬ ላይ ጥዬ እቆያለሁ፤ ሌላ ሰው ለመሄድ ሲነሳ አብሬ ብድግ እላለሁ። ከሁሉ የሚያሳቅቀኝ ደግሞ አጠገቤ ያለው ሰው ሐዘንተኛውን «ምን አገኘው? ታሞ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ነበር። የሰው ቁስል መነካካት ይመስለኝ ነበር። እንደተሳሳትኩ ያወቅሁት አባቴ ሲሞት ነው።

አባቴ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ መዶሻውን እንደያዘ በርጩማው ላይ ዘመም አለ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስም አረፈ። በማግስቱ ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ሰዎች በራችን ላይ ድንኳን ተክለው፣ አግዳሚ ደርድረው ጠበቁን። ሰውም ይጎርፍ ጀመር።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል ሲሄድ ደስ ይለኛል። በዚያን ዕለት የማየው ነገር ግን መላ ቅጡ የጠፋ መሰለኝ። እናቴ ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ተቀምጣለች፤ የገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ምን አገኘው?» ይላታል። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቃት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በቃ፣ ይኼ ነገር መቆም አለበት አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆምኩ። ለሚመጣው ሁሉ ቀስ ብዬ፣ «እባካችሁ እናቴን ስለ አሟሟቱ አትጠይቋት። እኔ እነግራችኋለሁ» እላለሁ። መልሱንም አሳጥሬ አዘጋጅቼዋለሁ፦ ጠዋት ደህና ነበር፤ ሥራ ላይ ሳለ ደከመው፤ ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ለተማሪ ማስታወሻ እንደማጻፍ ነው።

ሰው ሁሉ እሺ አለኝ። አባቴ ከሚሠራበት ፊት ለፊት ብረታ ብረት የሚሸጡት ጋሼም እሺ አሉ። ዓመታት ሙሉ ተያይተው የዋሉ ጓደኛሞች ነበሩ። እርሳቸው ግን ትንሽ ቆም አሉና፣ «ለእናትሽ የምነግራት ነገር ነበረኝ» አሉኝ።

«ስለዚያ ቀን ነው ጋሼ?»

«አዎ።»

«ይቆይ፣ ሌላ ጊዜ።»

«እሺ ቲቸር፣ አንቺ ካልሽ» ብለው ገብተው ተቀመጡ። ቲቸር እያለ የሚጠራኝ አባቴ ነበር፤ እርሳቸውም ከእሱ ነው የወሰዱት።

ድንኳኑ ረጋ አለ። ሰው ስለ መንገዱ መቆፋፈርና ስለ ታክሲ ሰልፍ እያወራ ይውላል፤ እናቴን የሚያስቸግራት የለም። ዕቅዴ ሠርቷል ብዬ ረካሁ። ከቀትር በኋላ ግን ልብ ብዬ ሳያት ደነገጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም። የቀረበላት ውኃ እንዳለ ነው። ከንፈሯ ደርቆ የነጠላዋን ጫፍ ክር በክር ትመዛለች። ስጠራት ዓይኗ ይመጣል፣ እሷ ግን አትመጣም። አባቴን ቀብሬ እናቴንም ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወደ ማታ ገደማ የአባቴ ታላቅ እህት ከጎጃም ደረሰች። ከአውቶቡስ ወርዳ ዋይታዋን ከመንገድ ጀምራ ነው የመጣችው። መግቢያው ላይ ተቀብዬ የተለመደውን ነገርኳት።

«ምን ትላለች ይቺ!» አለች። «ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ሳልሰማ ልቀመጥ? ድንኳን ነው ወይስ ፈተና ክፍል ነው የምትጠብቂው?»

አንድ ሁለት ሰው አፉን በጋቢው ሸፈነ። አክስቴ አልፋኝ ገባችና እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ።

«በይ ንገሪኝ» አለቻት። «ከጠዋት ጀምሪ።»

እናቴ የእኔኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ደገመችላት።

«እሱንማ በር ላይ ሰማሁት። ቁርስ በልቶ ነበር?»

«በልቷል።»

«ምን?»

«ፍርፍር። ጨው በዛበት ብሎ ሲያጉረመርም ነበር።»

«እሱ ድሮም አፉ አያርፍ» አለች አክስቴ፤ እንባዋን እየጠረገች።

እናቴ የአክስቴን እጅ ያዘች። «ከዚያ ዛሬ ድካም ድካም ብሎኛል፣ ልዋል አለኝ። እኔ ነኝ፣ ቤት ተቀምጠህ ስትነጫነጭብኝ ከምትውል ሂድ ሥራህ ያልኩት። እኔ ነኝ የሰደድኩት።»

ሁለት ቀን ሙሉ አፍና የያዘችው ይህን ነበር። ማንም እንዳይጠይቃት በር ላይ ቆሜ አፍና እንድትይዘው ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሼ ተነሡ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«እትዬ፣ ይኼን ልነግርዎት ነበር» አሉ፤ እኔን ግን አላዩኝም። «ያን ቀን እየሳቀ ነው የመጣው። ‹ልተኛ ብል አባረረችኝ፤ ደግ አደረገች፣ ጣሪያ ሳይ ልውል ነበር› አለኝ። ሻይ ጠጣን። ሁለት ምድጃ ጨርሶ ሦስተኛውን ሲጀምር ነው ትንሽ ልረፍ ያለው። ዘመም ሲል እኔ ነኝ በደረቴ የደገፍኩት። ብቻውን አልነበረም።»

«ደክሞኛል አላለም?» አለች እናቴ።

«ብሏል። ወደ ቤት ልሸኝህ ስለው ግን እንቢ አለ። ስለ ፍርፍሩም ነግሮኛል።»

እናቴ ቀና አለች። «ምን አለ?»

«ጨው በዝቶበታል አለ። ግን ሳህኑን ጠርጌ ነው የመጣሁት አለ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ድንኳኑም አብሯት አለቀሰ። እኔም በዚያ ለቅሶ ውስጥ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ተነፈስኩ። እናቴ ትንሽ ቆይታ «ውኃ ስጡኝ» አለች፤ ብርጭቆውንም ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ አልቆምኩም። የመጣው ሁሉ ጠየቃት፤ ለሁሉም ነገረች። እየደጋገመች ስትናገር ታሪኩ ይለወጥ እንደነበር አስተዋልኩ። መጀመሪያ ፍርፍሩ ገባበት፤ ቀጥሎ ሻዩ፤ ከዚያም የጋሼ ደረት። በሠልስቱ ዕለት «ሰደድኩት» የሚለው ቃል ቀርቶ «ሥራው ላይ ዋለ» ማለት ጀምራለች። ተማሪ አንድን ነገር የሚያውቀው በራሱ አፍ ሲናገረው ነው እያልኩ በየክፍሉ እሰብካለሁ፤ ለእናቴ ግን መልሱን ጽፌ ልሰጣት ነበር። ያ ሁሉ ድንኳን፣ ያ ሁሉ አግዳሚ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ያንኑ ነገር ደጋግሞ የሚነግረው ብዙ ጆሮ ያስፈልገዋል።

በአርባው ለለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ መጥቶ እኔ ድሮ እንደማደርገው ጫማው ላይ አቀረቀረ። እናቴ ራሷ ወንበር ሳበችለት። «አንተ አልሰማህም አይደል? ና ልንገርህ» አለችው። ጨው የበዛበት ፍርፍር ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ለቅሶ ስትደርሱ እስቲ ሞክሩት። ብትሰሙትም እንዳልሰማ ሰው ሆናችሁ «እንዴት ሆነ?» በሉና ሳትቸኩሉ አድምጡ። ስለ ሟቹ የምታውቁት ነገር ካለ ደግሞ፣ የጨው ወሬም ቢሆን፣ ይዛችሁት አትመለሱ።