የጥር ጉድፍ

የአጎቴ ልጅ ያለምወርቅ ራስ ምታት እንኳ የማታውቅ ሴት ነበረች። ግማሽ ኩንታል ጤፍ አዝላ ከደብረ ኤልያስ ገበያ ስትመጣ ወንዶቹ መንገድ ይለቁላት ነበር። በሚሌኒየሙ ዓመት ዲያቆን ፍሥሐ ቃል አሰረላት። በጥር በቁርባን ሊጋቡ፣ እሱም ከሠርጉ በኋላ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ቅስና ሊቀበል ነበር።

በታኅሣሥ የወንድሟን ልጆች ጉድፍ ያዛቸው። እነሱን እየተጫወቱ ለቀቃቸው፤ እሷን ጣላት። ትኩሳቱ ሲጀምራት እናቷ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፤ በር ዘግተው ጋቢ ደራረቡባት። ሽፍታው ሲወጣ ደግሞ ሳቅንባት። ለሙሽራ የልጅ በሽታ፤ ጉድፍ ማንን ገድሎ ያውቃል? መተንፈስ ሲያቅታት ነው በቃሬዛ ተሸክመን የሮጥነው።

ማርቆስ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ "ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል" አለን።

"ምንም በሽታ አልነበረባትም እኮ" አልሁት።

"ካደጉ በኋላ ሲይዝ ጤነኛውንም አንዳንዴ እንዲህ ይጥለዋል።"

ትተርፋለች አላለም።

ቄስ የሚያገባው አንዴ ነው። አግብቷት ብትሞት ፍሥሐ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ቅስናውን ያፈርሳል። ሳያገባት ብትሞት ግን ነጻ ነው። አባቱ ቄስ ደምለው ይህን ቁጭ አድርገው ነገሩት። ፍሥሐ መጥቶ በመስኮት አያት፤ ፊቷ አብጦ ቁስል በቁስል ሆኗል። ሳይገባ ተመለሰ። ጥቂት ቢጠብቅ ምን ነበረበት? ጾም ከገባ ሠርግ የለም አሉ፤ ደብሩም ቄስ አጥቷል አሉ። በጥር ቁይ ከሚባል አገር ሥራነሽ የምትባል ልጅ አገባ። እኔ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ያለምወርቅ ተረፈች። የፍሥሐን ማግባት ስነግራት "እሺ" አለች፤ አላለቀሰችም። ጠባሳው ፊቷ ላይ ቀረ። ጤፉን መሸከሟን ቀጠለች። ሽማግሌ ሲላክባት "አላሰኘኝም" ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ከዚያ ወዲህ የሚያሰኛት ነገር አላየሁም።

አንድ የማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቄስ ፍሥሐ መንገድ ላይ ገጠመን። እኛ አገር ቄስ አይቶ ሳይሳለሙ ማለፍ የለም። መስቀሉን ዘረጋ፤ ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አላት።

"እርስዎ አስቀድመው ፈትተውኛል፣ አባ" አለችው።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የእህል ዋጋ የምትናገር ነው የምትመስለው። እኔም ለመሳለም ጎንበስ ብዬ ነበር። መስቀሉን ወደ እኔ ማዞሩን ረሳው።